መንጠቆ ለመጣል ፈቃድ ያስፈልጋል? ከለገዳዲ እስከ ሜሪላንድ

የሰንዳፋ ልጅ ለገዳዲን ሳያውቅ አያድግም። የቡራዩው ደግሞ ገፈርሳን ያውቃል። ውሃው ሰፊ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የሚኬድበት ቦታ ጥቂት ነው፣ ቲክቶክ የከፈተ ሰው ደግሞ አንዱ ባሕር ዳር ቆሞ ክንዱን የሚያክል ዓሣ ሲያወጣ ያያል። መንጠቆና ክር ያን ያህል ውድ ዕቃ አይደለም፤ ትሉም ከጓሮ ይቆፈራል። ስለዚህ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፦ ለመዝናናት ብቻ ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ እንዴ? አሜሪካ ወይም አረብ አገር ዘመድ ያለው ደግሞ ሌላም ሰምቷል። እዚያ ያለ ፈቃድ መንጠቆ የጣለ ይቀጣል ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። ግን እንደ ቦታው ይለያያል። እዚህም ሆነ እዚያ መልሱን የሚወስኑት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው፦ ውሃው የማን ነው? ዓሣውን ለምን ትፈልጉታላችሁ? ወቅቱስ ዓሣው የሚራባበት ነው ወይ?

እኛ ጋ ሕጉ ምን ይላል?

መጀመሪያ የጨው ውሃውን ነገር እንጨርስ። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ስለዚህ የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ የሚባል ነገር እዚህ አያስፈልገንም። ጨዋማ ሐይቆች ግን አሉን። ሻላና አብያታ ጨውና ሶዳ የበዛባቸው ናቸው። አብያታ ድሮ ዓሣ ነበረው፤ ሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነበር። ውሃው እየሸሸ ጨውነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ፣ ወፎቹም ምግብ ፍለጋ ሌላ ሐይቅ ድረስ መብረር ያዙ። አፋር ውስጥ ያለው የአፍዴራ ሐይቅ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ጥቃቅን ዓሦች አሉት። ከጣት የማይበልጡ ናቸው፣ ለመጥበሻ የሚሆኑ አይደሉም። እነሱን ለማጥመድ የሚያስብ ካለ ይተዋቸው!

ወደ ጣፋጩ ውሃ ስንመጣ፣ አገራችን የዓሣ ሕግ አላት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይባላል። ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። አዋጁ ትኩረቱን ያደረገው ለንግድ በሚያሰግረው ላይ ነው፤ ዓሣ አውጥቶ ለሚሸጥ ሰው ፈቃድ ግድ ነው። በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ ደግሞ ለማንም ክልክል ነው፣ ነጋዴም ሁኑ ለመዝናናት የመጣችሁ። የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎች እንዲኖሩም አዋጁ ይደነግጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የፌዴራል መንግሥቱ ሕጉን ያወጣል፣ መሬቱንና የተፈጥሮ ሀብቱን በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ግን ክልሉ ነው። ስለዚህ ጣና ላይ የአማራ ክልል፣ ላንጋኖ ላይ የኦሮሚያ ክልል ነው የሚጠየቀው። ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆኑ ለእናንተ ቅርቡ በር የአካባቢያችሁ የግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። «ለመዝናናት ነው፣ አልሸጥም፣ በመንጠቆ ነው» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የምትሄዱበትን ውሃ ስም ጥሩ። የሚቻል ከሆነ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ውሃው ዳር ያገኛችሁት ጥበቃ ቢሮ ውስጥ የተባለላችሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የሚሸጥና የማይሸጥ የሚለው ልዩነት ቀላል ይመስላል፤ ሰው የሚሳሳተው ግን እዚሁ ላይ ነው። እሁድ ስድስት ቆሮሶ አውጥታችሁ ሁለቱን ቤት በልታችሁ አራቱን ለሰፈር ምግብ ቤት ከሰጣችሁና ገንዘብ ከተቀበላችሁ፣ ያ መዝናኛ አይደለም። ዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ፈተናው ይብሳል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ባያልቅም ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ «ቢዝነስ» የሚል ሐሳብም ይመጣል። ቢዝነስ ከሆነ ፈቃዱን አውጡ፤ ማኅበር ገብታችሁ መሥራትም ትችላላችሁ።

ለገዳዲ ላይስ?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ለገዳዲ፣ አጠገቡ ያለው ድሬና ገፈርሳ የተሠሩት ለመጠጥ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቧንቧ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ ከእነዚህ ግድቦች ተጣርቶ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የዓሣ ሕግ ብቻ አይደለም። ግድቡን የሚያስተዳድረው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፣ ቦታውም ጥበቃ አለው። የግብርና ቢሮው «ችግር የለም» ቢላችሁ እንኳ የግድቡ ባለቤት ካልፈቀደ መግባት አትችሉም። ጥበቃው ሲያባርራችሁ ክፋት አይምሰላችሁ፤ የሚጠብቀው ሚሊዮኖች የሚጠጡትን ውሃ ነው።

ሌላው አደጋው ነው። የግድብ ዳር ከላይ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ጭቃና ድንገተኛ ገደል ነው። ክረምት ላይ ውሃው ሲሞላ ትናንት የቆማችሁበት ቦታ ዛሬ ከጭንቅላት በላይ ይሆናል። ዋና የማይችል ሰው ለአንድ ዓሣ ብሎ እዚያ ጭቃ ላይ መቆም የለበትም። ድንጋይ ተቆፍሮ ወጥቶባቸው ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶችም ያው ናቸው፣ እንዲያውም ይብሳሉ።

አባ ሳሙኤልን የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከአቃቂ በታች ያለው ይህ ግድብ ድሮ ለመብራት ኃይል የተሠራ ነበር። ዛሬ የአዲስ አበባ ወንዞች የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ይዘው የሚገቡበት ውሃ ሆኗል። ዓሣ አለው፣ አዎ። ግን ከባድ ብረቶች በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ መጥበስም ሆነ መቀቀል አያጠፋቸውም። ፈቃድ ቢኖራችሁም እንኳ ከዚያ የወጣ ዓሣ ለልጅ አይሰጥም።

ታዲያ የት እንሂድ የሚል ካለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው አማራጭ አለ፦ ኩሬ። ሰበታ ከተማ ውስጥ የብሔራዊ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። የቆሮሶና የካርፕ ጫጩት የሚራባው እዚያ ነው፤ ለኩሬና ለግድብም ይሰራጫል። ትንሽ መሬትና ውሃ ያለው ወጣት የራሱን ኩሬ ቢቆፍር ከዓመት ዓመት መንጠቆ መጣል ይችላል፣ የሚያባርረው ጥበቃም የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከኩሬ ያወጣችሁትን ሕይወት ያለው ዓሣ ወስዳችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቁ። ካርፕ አገራችን ያልነበረ ዓሣ ነው፤ ዝዋይ ሐይቅ ከገባ በኋላ እንዴት እንደተስፋፋ የዝዋይ አስጋሪዎችን ጠይቁ።

ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ በር ይንኳኳል። የባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ፤ በመንጠቆ ማጥመድ የሚወድ የውጭ ሰው ስለ ኢትዮጵያ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። የጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ደግሞ ከሰው ይከብዳል፤ የሐይቁ አንዱ ክፍል ነጭ ሳር ፓርክ ውስጥ ነው፣ አዞውም ቀልድ አያውቅም። ፓርክ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግድ ነው።

ወቅት ለምን ይከበራል?

ሕጉ ብዙ ጊዜ ከወረቀት የማይወርደው እዚህ ላይ ነው፣ ጉዳቱም የሚታየው እዚሁ ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ወደ 15 የሚጠጉ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ላይ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ፣ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላል የሚጥሉት ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ባለበት ቦታ ነው። አንድ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ሲያልፉ ለሚጠብቃቸው ሰው ሲሳይ ይመስላሉ። መረብ የዘረጋባቸው ያገኛል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ የበተነም ያገኛል፤ ብርብራው ዓሣውን ያደነዝዘዋል፣ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል። ያን ቀን የተያዘችው እናት ግን በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይዛ ነው የምትሞተው። ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ባደረጉት ጥናት፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በክብደት ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል።

በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ይህን ያህል ጉዳት አያደርስም፣ ልክ ነው። ግን የወንዝ አፍ ላይ በነሐሴ የቆመ መቶ መንጠቆ ከአንድ መረብ አያንስም። ሌላም ነገር አለ፦ ለንግድ የሚያሰግረው ቢያንስ ፈቃድና ማኅበር አለው፣ ስንት እንዳወጣ ይገመታል። እኔና እናንተ በእሁድ ቀን ያወጣነውን ግን ማንም አይቆጥረውም። ያልተቆጠረ ዓሣ ሲያልቅም አይታወቅም።

አሜሪካኖቹ የባሕር ዓሣ ምዝገባ ያመጡት ለዚህ ነው።

ባሕር ያላቸው እንዴት ያደርጋሉ?

አሜሪካ ውስጥ ባሕር ላይ ለመዝናናት የሚያጠምደው ሰው ብዛት በሚሊዮን ይቆጠራል። መንግሥት ስንት ዓሣ እንደወጣ ለማወቅ ባሕር ዳር ባሉ ግዛቶች በነሲብ ቤቶች ላይ ስልክ ይደውል ነበር። አብዛኛው ሰው «እኔ ዓሣ አላጠምድም» ብሎ ይዘጋል፤ የሚያጠምደው ደግሞ አይገኝም። ቁጥሩ ስለማይታመን እ.ኤ.አ. በ2006 ኮንግረሱ የዓሣ ሕጉን ሲያድስ የባሕር አጥማጆች መዝገብ እንዲቋቋም አደረገ። ምዝገባው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2010 ተጀመረ። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ መመዝገብ አያስፈልገውም።

አብዛኛው ሰው ግን በቀጥታ ፌዴራሉ ጋ አይሄድም። የሚኖርበት ግዛት የራሱ የባሕር ፈቃድ ካለው፣ ያን ሲያወጣ ስሙ ወደ ብሔራዊው መዝገብ ይተላለፋል። ኒውዮርክና ኒውጀርሲ ባሕር ላይ ገንዘብ አያስከፍሉም፣ ግን በነፃ መመዝገብ ግዴታ ነው። «ነፃ ነው» እና «አያስፈልግም» አንድ አይደሉም። ብዙ አዲስ ገቢ ሐበሻ የሚያምታታው ይህ ነው።

የእኛ ሰው በብዛት ያለው ዋሽንግተን ዙሪያ ስለሆነ እሱን ትንሽ ዘርዘር እናድርገው። ፖቶማክ ወንዝ አንድ ወንዝ ነው፤ የሚያስተዳድሩት ግን ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ከታች በኩል ሁለቱ ግዛቶች በጋራ ያቋቋሙት ኮሚሽን ናቸው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ሲሉ ደንቡ ይለወጣል። ዲሲ ውስጥ የዲሲ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ለጣፋጩ ውሃ አንድ ፈቃድ፣ ለቼሳፒክ ባሕር ሰላጤና ለባሕሩ ዳርቻ ሌላ ፈቃድ አለ። ድንበሩን ውሃውን በመቅመስ አታገኙትም፦ ባሕሩ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ ከፍ ዝቅ የሚለው ወንዝ ሁሉ፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ቢሆንም፣ የሚቆጠረው ከባሕሩ ጋር ነው። ሜሪላንድ ያለ ፈቃድ የሚጠመድባቸው ነፃ ቦታዎችም አሏት፤ እዚያም ቢሆን ግን በነፃ መመዝገብ ግድ ነው።

ፈቃዱ የግል ነው። የጓደኛችሁን ፈቃድ ይዛችሁ መቆም አይቻልም፣ ባልና ሚስትም በአንድ ፈቃድ ሁለት ዘንግ ይዘው አይቆሙም። የያዛችሁትን መሸጥ አይፈቀድም፤ ለሐበሻ ሬስቶራንት በትንሽ ዋጋ መስጠትም መሸጥ ነው። ደግሞ ፈቃድ መያዝ የፈለጋችሁትን ያህል ማውጣት ማለት አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ቼሳፒክ ላይ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ እሱም ከ19 እስከ 24 ኢንች ሲሆን ነው። ከዚያ ያነሰውም የበለጠውም ይለቀቃል። ትልቁ ለምን ይለቀቃል? ብዙ እንቁላል የምትጥለው ትልቋ እናት ስለሆነች። የጣናው ወሬ እዚህም መጣ ማለት ነው።

ይህ ዓሣ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ሮክፊሽ ማጥመድን ሙሉ በሙሉ ከለከለች፤ ነጋዴውም ተዝናኙም አቆመ። ክልከላው የተነሳው በ1990 ነው። አምስት ዓመት ገደማ ሰው ተቆጥቶ፣ ተጨቃጭቆ፣ ታግሦ ዓሣው ተመለሰ። እገዳ በሠራበት ቦታ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አምባዛ ወዳድ ደግሞ እዚያ ዕድለኛ ነው። ብሉ ካትፊሽ የሚባለው የአምባዛ ዘመድ ቼሳፒክ ውስጥ ያልነበረ፣ በኋላ የገባና ሌላውን ዓሣ የሚበላ ስለሆነ ሜሪላንድ ለሚዝናና አጥማጅ ልክም ቁጥርም አላበጀችለትም። የቻላችሁትን ያህል ውሰዱ ትላለች፣ ፈቃዱ ካላችሁ። ግን ፖቶማክ ውስጥ ያረጀውና ትልቁ ዓሣ ኬሚካል ያጠራቅማል፣ የጤና ማስጠንቀቂያም ተለጥፎበታል። የአባ ሳሙኤል ታሪክ እዚያም አለ።

ሌላ አገር ያላችሁ ዘመድ ካላችሁ ደንቡ ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ ባሕር ላይ በዘንግ ለማጥመድ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ወንዝና ሐይቅ ላይ ግን ከ13 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል። ስዊድን ውስጥ ባሕሩ ዳርና አምስቱ ትልልቅ ሐይቆች ላይ በእጅ በሚያዝ ዘንግ ማጥመድ ነፃ ነው፣ ሌላው ቦታ ላይ ካርድ ይገዛል። አቡዳቢ ውስጥ ደግሞ ለመዝናናትም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ የምትሠራ እህት ወይም ወንድም ያለው ሰው ይህን ይንገራቸው፤ ዓርብ ቀን ባሕር ዳር ወጥቶ መንጠቆ መጣል ምንም የማያመጣ ነገር ይመስላልና።

ስልካችሁ ላይ ፈቃድ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁን ሊንክ አትክፈቱ። መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ የመንግሥት የሚመስሉ፣ ግን ነፃውን ወይም ርካሹን ምዝገባ ተጨማሪ ገንዘብ ጨምረው የሚሸጡ ገጾች አሉ። የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ መጨረሻው «ነጥብ ጎቭ» ነው። የካርድ ቁጥራችሁን ከመጻፋችሁ በፊት እሱን እዩ። ፈቃዱን ስታገኙም ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙት፣ ውሃ ዳር ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።

ከተመዘገባችሁ በኋላ ቤታችሁ መጠይቅ ያለበት ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ በቅርቡ ስንት ጊዜ እንዳጠመዳችሁ ይጠይቃል። ክስ አይደለም፣ አትደንግጡ። ወደብ ላይም ሜትር የያዘ ሰው መጥቶ ዓሣችሁን ልለካ ቢላችሁ ፖሊስ አይደለም፣ ቆጣሪ ነው። ዩኒፎርም ለብሶ ፈቃድ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ እሱን ማሳየት ግዴታ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መሞከር ብቻ ለምትፈልጉ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በዓመት ሦስት ቀን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይችላል፦ የጁን ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4። የልኩና የቁጥሩ ደንብ በእነዚያ ቀናትም ይሠራል።